በቴፑ ሣጥን ላይ የጻፍኩት ስም

ማዱሬይራ፣ ሪዮ ዲ ዣኔሮ
ኦገስት 14 ቀን 1972

ውድ ልጄ ኢቫኒልዶ፣

እንደምን ከርመሃል? የሮም ሙቀት ጠንቷል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ክረምት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሹራብ እደርባለሁ። እህትህ ዡሬማ ደህና ናት። ለሰፈራችን የሳምባ ቡድን የካርኒቫል ልብስ መስፋት ከአሁኑ ስለጀመረች ቤቱ ላባ በላባ ሆኗል። ትናንት ከሩዜ ውስጥ አረንጓዴ ላባ አወጣሁ።

ፊደሌ ተንጋዶ ብታየው አትደንግጥ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በጃንዋሪ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪሙ ከጭንቅላት ደም ሥር የመጣ ነው አለ። አሁን እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ቀኝ እጄ ግን ኩባያ እንኳ አይዝም። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ደበቅኩህ። ዡሬማንም እንዳትነግርህ ቃል አስገብቻት ነበር።

አሁን ገብቶህ ይሆናል። በሜይ በላክሁልህ ቴፕ ላይ የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እዚያ ሮም ለሚሠራው ፊልም የጻፍከው ሙዚቃ ደረሰኝ። የፊልሙ ሴትዮ ብቻዋን በጀልባ ስትሻገር ዝግ ያለ የቦሳ ኖቫ ዜማ፣ ወደቡ ላይ ስትወርድ ወደ ሞቅ ያለ ሳምባ የሚዞር፤ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ፣ ንግግር የለ፣ ጊታር ብቻ። «አባባ፣ ያንተ ጣት ካልሆነ አይሆንም» ብለሃል። አልችልም ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁ። ግን ታውቃለህ፣ በወጣትነቴ በአሥራ አንድ የካርኒቫል ፊልሞች ላይ ተጫውቻለሁ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሲኒማ ቤት ጆሮዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር፤ ጥሩምባው ሁሉን ይውጠዋል። «ቫልደሚሮ፣ የቱ ጋ ነህ?» ትለኛለች። ስሜም አንድ ቀን ሸራው ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንተ ደግሞ ስሜ ለብቻው እንደሚወጣ ጽፈሃል። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

የሙዚቃ ወረቀትህ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከውጭ ስመለስ ጊታሬ ይሰማኛል። ሌባ ገባ እንዳልል ሌባ ጊታር አይቃኝም። ዡሬማ ናት፤ የጀመረችው ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ያንተን ወረቀት እያየች ትጫወታለች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«አንተ ነሃ።»

«እኔ? መቼ?»

«ኢቫኒልዶን ስታስተምር። እኔ ወጥ ቤት ቦሎቄ እለቅም ነበር። በር አትዘጋም እኮ።»

በስምንት ዓመቷ «እኔስ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ጊታር የወንድ ነው፤ ሂጂ እናትሽን አግዢ» ያልኳት ትዝ አለኝ። እሷ አላነሣችውም። እኔም አላነሣሁትም።

ቀረጻው ወዳለበት መሀል ከተማ አብረን ሄድን። ድምፅ የሚቀዳው አንሰልሞ የድሮ ወዳጄ ነው። በተጫዋቹ ወንበር ላይ እሷን ሲያይ «ምነው ቫልደሚሮ፣ ዛሬ ዕቃ ጠባቂ ይዘህ መጣህ?» ብሎ ሳቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተች። ስትጨርስ አልሳቀም።

«አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው?» አለኝ።



ቴፑን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ «ስም ጻፍበት» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። በዚህችው በግራ እጄ የራሴን ስም ጻፍኩበት። ዡሬማ አጠገቤ ቆማ አየችኝ። «ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ እንሂድ አባዬ» ብቻ አለች።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤህ መጣ። ዳይሬክተሩ ሲሰማው አልቅሷል፤ ፊልሙ በዲሴምበር ይታያል። «ሴትዮዋ ከጀልባው ልትወርድ ስትል ያለችው ያቺ ዝምታ! እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ ካንተ ሌላ የለም» ብለሃል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«እሰይ አባዬ፣ ደስ ይላል» ብላ ቦሎቄውን ጨለፈችልኝ።

እኔ ግን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ልጄ፣ ያቺ ዝምታ የእኔ አይደለችም። አርባ ዓመት ስጫወት እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ሰው ረሳው እንዳይለኝ እየፈራሁ ቶሎ እገባለሁ። እሷ አልፈራችም፤ ጠበቀች። መጠበቅ የት እንደለመደች እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ ስሜን አስወጣና የእሷን አስገባ። ውሸቱ የአባቴ እንጂ የእኔ አይደለም ብለህ ለዳይሬክተሩ ንገረው፤ አላፍርብህም። ለሚቀጥለው ፊልም ያሰብከውንም በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእሷ ጻፍላት።

ፊት ለፊት ልነግራት ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ «ጨው አቀብዪኝ» አልኳት፤ አንዴ ደግሞ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብዬ ተነሣሁ። ዛሬ ፖስታውን ሳላሽግ እሰጣትና «አንብበሽ ላኪው» እላታለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅህ ከገባ አንብባዋለች ማለት ነው።

የፔኛ ቤተ ክርስቲያኗ እመቤታችን ጤናህን ትስጥህ፤ የሰው አገር እንጀራህን ትባርክልህ፤ በሰላም ታገናኘን።

አባትህ
ቫልደሚሮ ሲኬይራ

ኢቫኒልዶ፣ እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁ። ስሜ ሲጻፍ ሙሉው ይሁን፦ ዡሬማ አፓሬሲዳ ሲኬይራ።