ለጆሮዬ መምህር፣ ስለ አንደበታቸው

የካ፣ ጥር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል
የመካሪዎች ማሠልጠኛ ቤት ዲሬክተር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተ ሰብዎ፣ ይልቁንም ያ የተባረከ አንደበትዎ እንደምን አለ? እኔ የቀድሞ ተማሪዎ ሮማነወርቅ ነገሳ፣ ከእንጦጦ ብርድ በቀር የሚያስቸግረኝ የለምና አምላክ ይመስገን። ያደረጉልኝን ውለታ ቢሮዎ ቀርቤ ለማመስገን ብመጣም ዘበኛው እንዳያስገባኝ ታዝዞ ስላገኘሁት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳቀርብ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. ስለ መረጡኝ አመሰግናለሁ። ሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር መጥተው፣ ለየካ ሕዝብ አማርኛም ኦሮምኛም የምትሰማ መካሪ እንደምታስፈልግ አስረዱኝ። አባቴ፣ “ምክር መስጠት ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል እንዴ?” ቢልዎ፣ “መስጠቱስ አይፈልግም፤ መስማቱ ነው የሚፈልገው” ብለው የመለሱለትን በቤታችን እንደ ተረት ስናወጋው ኖረናል። እኔም መምህርነቴን ትቼ ተከተልኩዎ።

፪ኛ. ስለ መጀመሪያው ትምህርት አመሰግናለሁ። ፊታችን ቆመው፣ “ሰው የነገራችሁ ነገር አደራ ነው፤ አደራ የበላ መካሪ ከሌባ አይሻልም” አሉን። ከዚያ የበለጠ ትምህርት ከማንም አልሰማሁም፤ እርስዎም አብረውን የሰሙ መስሎኝ ነበር።

፫ኛ. ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ለልምምድ በሾላ ገበያ አጠገብ በተሰጠን ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የገብስ ነጋዴ ገባች። ዲንቄ ልበላት፣ ባሏንም ከበበ፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ይህን ለመጻፍ ስጠይቃት፣ “ስማችንን ካልጠራሽ ጻፊ፤ የቀረው እንደሆን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል” ብላ ፈቅዳልኛለች።

ዲንቄ የመጣችው ባሏን ልትከስ አልነበረም። ከበበ ከኮሪያ ዘመቻ ከተመለሰ ጀምሮ በእንቅልፉ ያለቅሳል፤ እዚያ የቀሩትን ጓደኞቹን በየስማቸው ይጠራል። ሲነጋ ግን የወፍጮ ቤት ዘበኛ፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ በማኅበሩ የተከበረ ሰው ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ፣ “ሲነቃ ያየሁት አይመስለውም፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ምን ባደርግለት ይሻላል?” አለችኝ።

ሠልጣኝ የሰማችውን ለአሠልጣኟ ማስረዳት የቤቱ ደንብ ነውና፣ ቃሏን ወደ አማርኛ መልሼ ነገርኩዎ። የባሏን ስም ጠየቁኝ፤ እሱንም ነገርኩዎ። የማኅበር ባልንጀራዎ መሆኑን አላወቅሁም፣ እርስዎም አልነገሩኝም። ከዚያም፣ “እንደምታውቅ ትንገረው። ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ” አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው ሰው መምህሬ በመሆኑ ኮርቼ ወጣሁ።

ምክሩን ለዲንቄ ሳላደርስ ግን የማኅበሩ ቀን ቀደመኝ። ጠላው ሲደጋገም እርስዎ ወደ ከበበ ዞር ብለው፣ “እኛ የምንፈራው ዘማች ሌሊት እንደ ሕፃን ያለቅሳል አሉ፤ እስቲ የሚያባብለው ፈልጉለት” ማለትዎን፣ ከጎንዎ ተቀምጠው የነበሩት መሪጌታ ሠረቀብርሃን በገዛ አፋቸው ነግረውኛል። ማኅበሩ ሳቀ። ከበበ ዋንጫውን አስቀምጦ ወጣ፤ ቤቱም አልገባም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይህ ነገር በእውነትም ሰውየውን ይዞት እንጦጦ አፋፍ ወጣ።

፬ኛ. ስለ ስንብቴ አመሰግናለሁ። መሪጌታ ነገሩን ከየት እንዳመጡት ቢጠይቁዎ፣ እርስዎ ሠልጣኞቹን ሁሉ ሰብስበው፣ “ሴትዮዋ የተናገረችው በኦሮምኛ ነው፤ የሰማቻት አንዲት ብቻ ናት” ብለው ፈረዱ። እኔ ዐይንዎን ስፈልግ እርስዎ መነጽርዎን ይወለውሉ ነበር። አደራ በላ ተብዬ ወጣሁ፤ ያውም በእርስዎ አፍ፣ ያውም በዚያው በመጀመሪያው ትምህርት ቃል። መባረሩን እችለው ነበር። ያመንኩት ሰው እያወቀ መዋሸቱን ግን እስከ ዛሬም አልቻልኩትም።

በማግስቱ ዲንቄ ደጄ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። “ለማን ነገርሽ?” አለችኝ።

“ለአስተማሪዬ ብቻ።”

“ታዲያ እሱን ማን ያስተምረው?”

ተያይዘን በባሕር ዛፉ መካከል ዳገቱን ወጣን። ከበበን ከእንጨት ቆራጮች ጋር ተቀምጦ አገኘነው፤ ጢሙ አድጓል። ዲንቄ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ “ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቅ ነበር” አለችው።

“ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዳታፍርብኝ ፈርቼ።”

ከበበ ጋቢውን አነሣና ተነሣ። ልከተላቸው ስል፣ “አንቺ ቅሪ” አለኝ። አልተቆጣም፤ ባይቆጣም ቀረሁ። ከዐይኔ እስኪሰወሩ ጠብቄ ብቻዬን ወረድኩ።

ከበበ ዛሬ ቤቱ ነው፤ ወደ ማኅበሩ ግን አልተመለሰም። ዲንቄን ሾላ ገበያ አገኛታለሁ። “እንዴት ነሽ?” እላታለሁ። “ደህና ነኝ” ትለኛለች፤ ገብሷን ትሰፍራለች። ያን ቀን ክፍሌ ገብታ በሩን ዘግታ ያናገረችኝ ሴት፣ ከእንግዲህ ለእኔም ሆነ ለማንም መካሪ ከዚህ ሌላ ቃል የምትተነፍስ አይመስለኝም። ካስተማሩኝ ሙያ የደረሰኝ ፍሬ ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ወደ ማሠልጠኛው ይመልሱኝ አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው ማኅበር ተነሥተው፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዎ፣ ነገሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ ይበሉ። ለሳቁ የበቃ አንደበት ለዚህ አያንስም።

ለማዕረግዎ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ የተናገሩትን ሁሉ ለማስታወስ እንዲበቃ እየተመኘሁ፣ ከማዳመጥ በቀር ከእርስዎ ምንም ያልወረስኩ ተማሪዎ ነኝ።

ሮማነወርቅ ነገሳ

ማስታወሻ፦ ብባረርም ሰዎች እቤቴ ድረስ እየመጡ ማማከራቸውን አልተዉም። በቅርቡ ደግሞ እርስዎን እጅግ አድርጎ የሚያውቅ አንድ ሰው መጥቶ ስለ እርስዎ ብዙ አጫወተኝ። ማን እንደሆነና ምን እንዳለኝ ማወቅ እንደሚፈልጉ አልጠራጠርም። ነገር ግን የነገሩኝ አደራ ነውና፣ በማኅበር ላይም ቢሆን፣ ጠላው ቢደጋገምም፣ አልናገርም።