በቀትር የሚገናኘው ስልክ

ሰኞ

ሠራ! ከገዳሪፍ ከመጣው ባለሙያ ጋር የሳተላይት ሳህኑን ከሱቄ፣ ከዱካኔ፣ ጣሪያ ላይ አስረን፣ አቅጣጫውን ስናስተካክል ውለን፣ አመሻሽ ላይ ኢንተርኔት ገባ። የሱዳኑ ጦርነት የመንደራችንን የስልክ ማማ ካዘጋው ወዲህ ዘመድ በስልክ ለማግኘት መፋዛ ከተማ ድረስ ነበር የሚኬደው። ሰው እንዳይቸገር፣ የሁሉም ስልክ ራሱ እንዲገናኝ፣ ለዋይፋዩ ከጦርነቱ በፊት ዱካኑ የነበረውን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም መተማ ያለችውን እህቴን በቪዲዮ አየኋት። ሸብታለች።

ማክሰኞ

ስድስት ሰዓት ላይ ዱካኑ ጭር አለ፤ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት አስገብቶታል። ማን ማን እንደተገናኘ ልይ ብዬ ዋይፋዩ ላይ ያሉትን ስልኮች ዝርዝር ከፈትኩ። የኔ ስልክ። ከሥሩ «ሐሰን»።

ሐሰን የጎረቤቴ የሐጃ አምና ልጅ ነው። ድሮ እዚሁ ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዑበይድ ከተማ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዓመት አልፎታል።

ወጥቼ ዙሪያውን አየሁ። አቧራ ብቻ። ስመለስ ስሙ የለም።

ረቡዕ

ደግሞ መጣ። በዚያው ሰዓት።

«ሐሰን፣ አንተ ነህ?» ብዬ በዋትሳፕ ጻፍኩ። ደረሰ፤ አልተነበበም። ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

ለእናቱ ልንገራት? እሱ ባይሆንስ?

ሐሙስ

ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ተነሺ እንሂድ» ብቻ አለችኝ።

ዋይፋዩ ቢርቅ ቢርቅ የሚደርሰው እስከ ተዘጋው ትምህርት ቤት ነው። በቀትር እየደወልኩ ሄድን። ከመጨረሻው ክፍል ውስጥ ስልክ ጮኸ። የሐሰን ስልክ የጥሪ ድምፅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሐጃ አምና «ሐሰን!» ብላ ተጣራች። ጥሪው ቆመ።

በሩን ገፋሁት። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተኝታለች። መስኮቱ ላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ መስታወቱ የደቀቀ ስልክ። ፀሐይ ሲበረታ ስልኩ ራሱ ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። መስታወቱ ስለማይሠራ ጥሪውን ማንሳት አልቻለችም።

ቅዳሜ ማታ ነው የደረሰችው። ወባ ጥሏት መነሳት አቅቷት ነበር። «ስልኩን ሐሰን ነው የሰጠኝ» አለች። «‹እናቴን ፈልጊያት፣ ታስጠጋሻለች› አለኝ።»

አርብ

ሴትዮዋ ሱዓድ ትባላለች። ሐጃ አምና ቤት ናት፤ መድኃኒት ጀምራለች፣ ሾርባም ጠጣች።

ከዑበይድ ሲሸሹ መኪናው ላይ የቀረው ቦታ አንድ ነበር። ሐሰን እሷን አሳፈረና «እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብሎ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የምታውቀው የለም።

ሐጃ አምና ስለ መኪናው አልጠየቀችም። ስለ መንገዱም አልጠየቀችም። «ከስቶ ነበር?» አለቻት።

ሱዓድ የሾርባውን ኩባያ አስቀመጠች።

«የለም ሐጃ። ደህና ነበር።»

ሐጃ አምና ትመናት አትመናት፣ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም።