ስንዴ ብዪና ነይ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«ስንዴ ብዪና ነይ» አለኝ ዶክተሩ። ስንዴ ትቼ ዳንኩ ልለው ሄጄ፣ ስንዴ ታዞልኝ ተመለስኩ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ሥራዬ የመንደሮችን ውኃ መመርመር ነው፤ ለዚሁ መንጌ ወረዳ ሄጄ ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠው ሦስት ሳምንት እዚያው ቀረሁ። ዳቦ የለም። ያሳደሩኝ ሰዎች የሚበሉት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ነው፤ እኔም እሱኑ በላሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዴ ዝም አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝም ብሎ የማያውቅ ሆድ። አሶሳ ተመልሼ የመጀመሪያውን ዳቦ ስበላ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ስንዴም ገብስም አልነካሁም። አምስት ወር ሊሞላኝ ነው። ቀሚሶቼ ጠበውኛል፤ በዕድሜዬ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ዶክተሩ «ሴሊያክ የሚባለው ሊሆን ይችላል» አለ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀታቸውን የሚያቆስልባቸው ሰዎች አሉ። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፤ ደሙ አዲስ አበባ ይላካል። ስንዴ የተወ ሰው ደም ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ስድስት ሳምንት ያህል፣ በየቀኑ ዳቦ።

«ሳልመረመር እንዲሁ ብኖርስ?» አልኩት።

«ትችያለሽ። ሳታውቂ ትኖሪያለሽ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቢሮ ውስጥ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በላቦራቶሪ ቅጽ ጀርባ ላይ የጻፍኩት፦

ለመመርመር፦
— ማወቅ። የሰው ውኃ ስመረምር የምውል ሴት የራሴን በግምት መያዜ ያሳፍራል።
— እናቴ። ወረቀት ካየች ታምናለች። አሁን የምታምነው የሰው ዓይን እንደበላኝ ነው።
— ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ማህበር። ዳቦ በዞረ ቁጥር «ይቅርብኝ» ማለት ደከመኝ። ጠላውም ገብስ ነው። ኮራች እየተባልኩ ነው።

ላለመመርመር፦
— ስድስት ሳምንት።

ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ልጄን ሜሮንንም የምትይዝልኝ እሷ ናት። «ደርግ ከወሎ አምጥቶ እዚህ ሲያሰፍረን ስንት ዓመት ዳቦ በሕልሜ ነው የበላሁት» አለች። «አንቺ አገኘሽና ጠላሽው። ዶክተሩ ብዪ ካለሽ ብዪ።»

ከነገ እጀምራለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጧት አንድ ዳቦ በሻይ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም።

መንጌ ሳንደርስ መኪናውን ሁለቴ አስቆምኩ። ሾፌራችን ጨዋ ሰው ነው። ሁለቴም ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሞተር ሲያይ ቆየ። መኪናው ምንም አልሆነም።

ጉድጓዱ ጋ ሐዋ ጠበቀችኝ። የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ሰኔ ላይ ያሳደረችኝም እሷ ናት። ቤቷ የሚነገረው በርታኛ ነው። በአማርኛ ስታወራኝ «አንተ» ትለኛለች፤ ለምጄዋለሁ።

ውኃውን ቀድቼ የማከሚያ ክሎሪን እንዳለበት ስለካ ቀለሙ ቦግ አለ። ማንም ያልነካው ጉድጓድ ክሎሪን ከየት ያመጣል?

«ትናንት መድኃኒት ጨመርን» አለች ሐዋ፣ ደስ ብሏት። «አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ መጥቶ ቆሻሻ ውኃ ያያል፣ ነውር ነው።»

የመጣሁት እኮ ቆሻሻውን ለማየት ነው። ከክረምት ጀምሮ ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸዋል ተብሎ። አሁን ይህን ውኃ ይዤ ብሄድ ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይላል፣ ሕፃናቱም እንደታመሙ ይቀራሉ። እንዲህ ብዬ ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ለኔ ብለው ነው ያደረጉት። መድኃኒቱ ከውኃው እስኪወጣ ሌላ እንዳይጨምሩ ተስማማን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ።

ልሄድ ስል አተኩራ አየችኝ። «ፊትህ ጠፍቷል። ምን በላህ?»

«ዳቦ።»

«ሳታውቅ?»

«አውቄ።»

ገንፎ አቀረበችልኝ፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ ወረደልኝ። «አላህ ያሽርህ» አለች መኪናው ጋ ስትሸኘኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቢሮ አልሄድኩም። ሆዴ ተነፍቷል። ይህ የአንድ ዳቦ ዋጋ ነው። አርባ ምናምን ይቀራሉ።

ሜሮን ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ ጋደም አለች። ሰባት ዓመቷ ነው። «እኔንም ሆዴን» አለች። ይህን ሁልጊዜ ትላለች። እናቴ «ትኮርጅሻለች» ትላለች፤ እኔም ስቄ አልፋለሁ።

ዛሬ ስቄ አላለፍኩም። ጎን ለጎን ተኝተን የሷን ሆድና የኔን አየሁ። ከዚያ የማውቃቸው ነገሮች አንድ በአንድ መጡ። ያምና ዩኒፎርሟ ዘንድሮም ልኳ ነው። ደም ማነስ አለባት ተብላ ሽሮፕ ስትጠጣ ከረመች፤ ለውጥ የለም። አባቷ ጉባ ግድቡ ላይ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ይመጣል። ባለፈው ሲመጣ «ይቺ ልጅ ቁመቷ እዚያው ነው ወይስ ለኔ መስሎኝ ነው?» ብሎ ነበር። በየቀኑ የሚያይ ሰው አያይም።

ፈራሁ። ስለራሴ ሳስብ ሦስት ቀን ሙሉ አልፈራሁም ነበር።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። በዘር የሚሄድ ነገር መሆኑን ነገረኝ። «ልጅቷ ዳቦ ትበላለች?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው እሷ መዘጋጀት አያስፈልጋትም። ሰኞ አምጫት። እስከዚያ ምንም እንዳትቀይሪባት።»

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። እናቴ ማህበር ውላ መጣች። ከማህበር ስትመለስ ለሜሮን በነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ቋጥራ ነው የምትመጣው። ዛሬ ባዶ እጇን።

«ዳቦዬስ?» አለች ሜሮን።

«አለቀ።»

ያቺ ማህበር ዳቦ አልቆባት አያውቅም። ወጥ ቤት ገባሁ። የስንዴ ዱቄቱ ባልዲ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ለጎረቤት ሰጠሁት» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ትናንት በስልክ ስታወሪ ሰምቻለሁ። ትንሽ ቅመሺ፣ ጉልበት ይሆንሻል እያልኩ ስንት ዓመት ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ። እሷ ላይ አልደግመውም።»

እናቴ ተሳሳትኩ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ላቅፋት ይገባ ነበር። እኔ ግን ስለ መንጌው ጉድጓድ ማውራት ጀመርኩ። እንግዳ ይመጣል ብለው እንዳጸዱት፣ እኔም ባዶ ጠርሙስ ይዤ እንደተመለስኩ። «አሁን ዳቦ ከከለከልናት የሷም እንደዚያ ይሆናል። ኋላ እንወቅ ብንል እንደ እኔ ስድስት ሳምንት እያመማት ልናበላት ነው።»

እናቴ ጎበዝ ናት፣ ወዲያው ገባት። ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እያወቅኩ በእጄ አልሰጣትም።»

«እኔ እሰጣታለሁ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከሱቅ ዳቦ ገዛሁ። ለሜሮን ቆረስኩላት። ወተት አጠጣኋት። እናቴ ጓሮ ወጣች።

ከበላች በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ተጫወተች፣ ከዚያ ጋደም አለች። ይህን መጋደም ዓመታት አይቼዋለሁ፤ ስንፍና እለው ነበር።

ናሙና ነው፣ ናሙናው መበላሸት የለበትም እላለሁ ለራሴ። ናሙና ግን «እማ፣ አንቺስ አትበዪም?» ብሎ አይጠይቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዳቦ ዛሬም ሰጠኋት። እኔ ከረቡዕ ወዲህ አልደገምኩም፤ ከእንግዲህም አልደግምም። የኔ ጉዳይ የሷ ውጤት እስኪመጣ ይቆይ። የማክሰኞውን ቅጽ ቀደድኩት።

ባለቤቴ ከጉባ ደወለ። «ቢገኝባትስ?» አለ።

«ማሽላ ሞልቷል።»

«ባይገኝባትስ?»

ካልተገኘባት ልጄ ለምን እንደማታድግ አላውቅም ማለት ነው። እንዲገኝባት እየተመኘሁ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለሱ አልነገርኩትም። እዚህ ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ጧት ክሊኒክ ሄድን።

ሜሮን አላለቀሰችም። መርፌው ሲገባ ጣሪያውን እያየች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ላይ አለቀ። እኔ የማየው የደሟ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ስም ነበር። ሁለቴ አነበብኩት። የሥራ ልማድ ነው።

ውጤቱ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ዶክተሩ እስከዚያ አመጋገቧ እንዳይቀየር ደግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ሌላ ምርመራ ሊከተል ይችላል። እኔም ያን ሰሞን መንጌ እመለሳለሁ።

ማታ ለነገ ምሳ ዕቃዋ ዳቦ ልቆርጥ ስል እናቴ መጣች።

«ደሙ ከተቀዳም በኋላ ትብላ ነው ያለው?»

«እስኪታወቅ ድረስ።»

ቢላውን ከእጄ ወሰደችው። አንድ ቁራጭ ቆርጣ አየችው። ከዳሩ ትንሽ ቀነሰች። ቁራጩን ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተችው። የቀነሰችውን በመዳፏ ያዘች፣ ከዚያ መልሳ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከቁራጩ ጎን አስቀመጠችው።

ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።