ከቀለበቱ የተነሳው ወርቅ

ለተከበሩ አማቴ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ዘንድሮም መሰላል ላይ ወጥተው የፖም ዛፎቹን ራስዎ እንደከረከሙ ጎረቤትዎ ነግረውኛል፤ እመጣና እቆጣዎታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ካንቤራ ግን ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን መስታወት በውርጭ ትጋግረዋለች።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ወፈር ብሏል፣ ምን እየበላሽ ነው?» ሲሉኝ ስቄ ዘጋሁት። መልሱን በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው ይኸው የምጽፍልዎ። ነገሩ ስለ ቀለበቱ ነው፤ ልጅዎ ጣቴ ላይ ስላጠለቀልኝ የእናትዎ ቀለበት።

የእኛ ሥራ ብረት መደብደብ እንደሆነ ያውቃሉ፤ በመዶሻ ሳይሆን በአዮን፣ ማለት ኤሌክትሪክ በተሸከሙ አቶሞች። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የብረት ጋን ውስጥ የአርጎን ጋዝ አዮኖች እየተወረወሩ የብረቱን ፊት አቶም በአቶም ያነሱታል። ጋኑን የሚከፍት ሰው ቀለበቱንና ሰዓቱን እጀታው የተሰበረ ሲኒ ውስጥ አስቀምጦ ነው ጓንት የሚያጠልቀው። ልጅዎ ካረፈ ወዲህ እኔ ቀለበቱን አላወልቅም ብዬ ጓንት በጓንት ደርቤ እሠራ ነበር። አለቃችን ዶሪን «ይቺ ሴትዮ ከነጓንቷ ነው የምትቀበረው» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። በዚህ ክረምት ግን ማውለቅ ጀመርኩ። ዶሪን አይታ ሲኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

አብሮኝ የሚሠራ ራስል የሚባል ሰው አለ። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ዝምተኛ ነው፤ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አፍንጫው ሥር ያለውም አይታየውም። ያን ሰሞን ወርቅ ሲደበደብ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት በትንንሽ የወርቅ ቅብ ቀለበቶች ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ዶሪን ሲኒውን ለማጠብ ስለወሰደችው እኔ የእናትዎን ቀለበት እሱ ናሙና የሚያስቀምጥበት ሳህን ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። እሱም የራሱ መስሎት አነሳው፤ ከተወለወለ ትንሽ የብረት ዝርግ አጠገብ አሠረውና ጋኑን ዘጋ። ምሳ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ሲደበደብ ዋለ።

ጋኑ ሲከፈት ቀለበቱ ደብዝዟል። ራስል ከውስጥ የተቀረጸውን የእናትዎን ስም ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አባቴ ሠራሁ። ቆይ፣ እወለውልልሻለሁ፣ እንደ ድሮው አደርገዋለሁ» ይላል። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በማይክሮስኮፑ አየሁት። በሐዘኔ ወራት ግድግዳ እየመታሁ የጫጫርኩት ጭረት ጠፍቶ፣ በምትኩ እናንተ ሰፈር ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀረው ዓይነት ስስ ሞገድ ተሥሎበታል። ቆንጆ ነበር፣ እማማ።

ቀጥሎ ዝርጉን አየን። ግራጫው ብረት ወርቅማ ሆኗል። ከቀለበቱ የተነሳው ወርቅ ሩቅ አልሄደም፤ አጠገቡ ያገኘው ላይ ዐርፏል። ዶሪን መጥታ አንዴ ዝርጉን አንዴ እኛን አየችና «ራስል፣ ዘመንህን ሁሉ ዝም ያልከው ለካ የሰው ወርቅ ልትሰርቅ ነው» አለችው። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እንደዚያ ከሳቅሁ ስንት ጊዜ ሆኖኛል።

ቀለበቱ የእናትዎ ነው። ይወልወል ካሉ ይወለወላል፤ መልሺው ካሉም እመልሳለሁ። የፈራሁት ቀለበቱን ማጣት አይደለም፤ እርስዎን ማጣት ነው። ያም ሆኖ ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽዎትም።

ፖሙ ሲያብብ እመጣለሁ። ቀለበቱ እንደ ጋብቻው በግራ እጄ ይቆይ ወይስ ለማስታወሻ ወደ ቀኙ ይዛወር፣ ያኔ ይነግሩኛል። እስከዚያው የእንግዳ ክፍሉን ቢያናፍሱልኝ። ለእኔ የድሮ ክፍሌ ይበቃኛል።

ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

አሁንም ምራትዎ

ሳልረሳው፦ ያን ዝርግ ራስል ከዚያን ቀን ጀምሮ በሸሚዙ ኪስ ይዞት ይዞራል። የፖም ኬክ ይወዳል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ይወዳል።