ለእኔ የተቀመጠው ቅቤ

ለታናሽ እህቴ ለነጅሚያ፤ ሰላምታዬ ባሕር ዳር ድረስ ይድረስሽ። ሆድሽ ገፍቶ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ነፍሰ ጡሮችን ለማስተማር እየሠለጠንኩ ነው። ጨቅላ ማጠብ የምንለማመደው በአሻንጉሊት ነው። አጥቤ ስጠቀልለው አሠልጣኟ «እንደ መሪማ አድርጉ» ትላለች። አብራኝ የምትሠለጥነው ሰዓዲያ አንገቱን እንኳ አትደግፍም። ነፍሰ ጡሮቹ ሲመጡ ግን የሚከቡት እሷን ነው፤ ሦስት ወልዳለችና።

እማ ለአራስ ቤትሽ የገንፎ እህል አስፈጭታለች። እኔ በተዳርኩበት ዓመት ለእኔ አራስ ቤት ብላ ያስቀመጠችውን የቅቤ ማሰሮም ሳትጠይቀኝ ከፈተችልሽ። ሰባት ዓመት ማንም አልነካውም፤ ጥሩ አድርጎ ከርሟል።

ለመውለድ ስትመጪ አላህ መንገድሽን ያቅናው፤ በሰላም ይገላግልሽ። ቅቤውን ብዪው፤ ልጁን ግን መጀመሪያ የማጥበው እኔ ነኝ።

እህትሽ መሪማ