የቦስኮ ዋጋ

ይድረስ ለወንድሜ ለዴልበርት ሳዲለክ፣ አላስካ፣ ወይም ባሕሩ ወዳደረሰህ ስፍራ።

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ከጋጣው ጣሪያ የወደቅህ ጊዜ የተጎዳው ጉልበትህ በብርድ ይነሳብህ ነበርና፣ እዚያ በረዶ አገር እንዴት እንደሚያደርግህ ሳስበው እኔን ያመኛል። ጥርስህስ? ዓሣውስ ይያዛል? እኔ እህትህ ሎርና ከደም ግፊቱና ከእርጅናው በቀር፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ ጥያቄ የምደረድረው መልስ እንደማላገኝ እያወቅሁ ነው። ግን የሰው ጤና ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባትን እማዬ አላስተማረችንም።

በየገናው ስጽፍልህ ኖሬአለሁ። አንተ የመጨረሻዋን ካርድ የላክህልኝ እማዬ በሞተች በዓመቱ ነው። መርከብ የተሣለባት፣ ከጀርባዋ «ደህና ነኝ» ብቻ የሚል ያለባት። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌያት ፀሐይ ቀለሟን መጦታል። የእኔ ደብዳቤዎች ግን አንዱም ተመልሶ አልመጣም፤ እንግዲያው ሰው እየወሰዳቸው ነው ብዬ እጽናናለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ኢርማ፣ መቼም አትረሳትም፣ «ፖስታ ቤቱ ምድጃ እያነደደባቸው ይሆናል» ትለኛለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንኳ አፏ ያው ነው።

ዘንድሮ ገና ሳይደርስ የጻፍሁልህ ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው። ባለፈው ነሐሴ ኢርማ እየጎተተች ወደ ወረዳችን የከብት ትርኢት ወሰደችኝ። እኔም እጄን አጣጥፌ አልሄድሁም፤ ፕለም የሞላሁበትን የእማዬን ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቹን፣ ጋግሬ ለውድድር አቀረብሁ። ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው የሱቅ ማርማላታ የጨመረች ሙሽራ ናት፤ ዳኞቹን የእጃቸውን ይስጣቸው።

ከከብቶቹ አዳራሽ አጠገብ የግዛቱ ግምጃ ቤት ሰዎች ድንኳን ጥለው ነበር። የተረሳ የባንክ ሒሳብ፣ ያልተመነዘረ ቼክ፣ ባለቤቱ የጠፋ ገንዘብ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነሱ እጅ ይገባል። በየዓመቱ ትርኢቱ ላይ ኮምፒውተር ዘርግተው፣ ኑና ስማችሁን እንፈልግላችሁ ይላሉ። ኢርማ የሟች ባሏን ስም አስፈልጋ ከመብራት ኃይል የቀረ አንድ ነገር ተገኘላት፤ ለሁለታችን አይስክሬም በቃን። ከዚያ «አንቺም ሞክሪያ፣ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንልሽ እንደሆን» ብላ ገፋችኝ።

የእኔ ስም የለም። በኮምፒውተሩ የምትፈልግልን ልጅ ግን «ሳዲለክ የሚባል ሌላ ሰው አለ፤ ዴልበርት ይላል። ያውቋቸዋል?» አለችኝ። አድራሻው የአባዬ ቤት ነው፣ ይኸው አሁን ተቀምጬ የምጽፍልህ ቤት። ስምህን እኔ ካልጻፍሁት በቀር ተጽፎ ካየሁ ስንት ዘመኔ! አልደብቅህም፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስሁ። ልጅቷ ደንግጣ መሐረብ ስትሰጠኝ ኢርማ «ገንዘብ ስታይ እንዲህ ናት፣ ተያት» አለቻት።

የምን ገንዘብ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የቦስኮ ዋጋ ነው። ያንን ሰንጋ ከጥጃነቱ ጀምሮ በጡጦ ያሳደግኸው አንተ ነህ። ትርኢቱ ሲደርስ ልጆች ሁሉ ያሳደጉትን አጥበው፣ አበጥረው፣ ዳኛ ፊት አዙረው በመጨረሻ በጨረታ ይሸጡታል። ሁሉም ያለቅሳል፤ ማታ ግን ሁሉም ገንዘቡን ይዞ ብስክሌት ያማርጣል። አንተ የመጨረሻዋን ሌሊት ጭድ ላይ አንገቱን አቅፈህ አደርህ። የከተማው ሥጋ ሻጭ በትልቅ ዋጋ ሲያሸንፍ ሰው አጨበጨበ፣ አንተ ደግሞ ዞረህ ግድግዳ አየህ። ራት ላይ «የቦስኮን ዋጋ በእጄ አልነካም» አልህ። አባዬ «ሰንጋ ለመብል ነው የተፈጠረው፣ ሴት አትሁን!» ብሎ ጮኸብህ። እማዬ ቼኩን ወስዳ በስምህ ባንክ አስገባችው። «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይበርድለታል» አለችኝ።

አልበረደልህም። ከቤት ስትወጣም ለመሳፈሪያ ከኢርማ ባል ተበደርህ እንጂ ያንን ገንዘብ አልነካኸውም። ባንካችንን ትልቁ ባንክ ገዛው፣ ትልቁን ደግሞ ሌላው፤ በመጨረሻ ጠያቂ ሲጠፋ ግዛቱ ወሰደው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ እነሱ ዘንድ አለ፤ ሞኙ ማን እንደሆነ ለአንተ ትቼዋለሁ።

ልጅቷ እንባዬን እስክጠርግ ጠብቃ «ባለቤቱ በሕይወት አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ካለ ራሱ መጠየቅ አለበት፣ ከሌለ ግን ወራሹ እርስዎ ነዎት አለችኝ። ኢርማ በእግሯ ነካ አደረገችኝ። ወለዱ ተጨምሮበት አዲስ ማሞቂያ ይገዛል፣ ደግሞም ማሞቂያዬ እያጣጣረ መሆኑን ታውቃለች። መኪና ውስጥ እንደገባን ጀመረች፦ «ሎርና፣ በክረምቱ አጋማሽ በድን ሆነሽ ላገኝሽ ነው። እሱ እንደሆነ ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን ስልክ አይደውልም ነበር?»

በነጋታው አንድ ጠበቃ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። እሱም «ይህን ያህል ዘመን ድምፁ የጠፋን ሰው ዳኛው እንደሞተ ይቆጥረዋል፤ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው» አለና ወረቀት ዘረጋልኝ። እስከማውቀው ድረስ ወንድሜ በሕይወት የለም የሚል ነው። ብዕሩን ያዝሁት፣ ዴልበርት። ቤቱ እንደሚበርድ አሰብሁ። ከዚያ ደግሞ፣ መርዶ ያረዳኝ ሳይኖር፣ ሬሳ ሳልቀብር፣ ለማሞቂያ ብዬ ወንድሜን ልግደል? አልሁና አስቀመጥሁት። ኢርማ ተቆጥታ እስከ እሑድ አላናገረችኝም። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጭነት መኪናዋ ማገዶ ሞልታ መጥታ ደጃፌ ላይ ደፋችልኝ። «ከነግትርነትሽ እንዳትቀዘቅዢ» ብላ ሄደች።

ብርዱን እችለዋለሁ። የሚከብደኝ ዝምታው ነው። ጋጣው ባዶ ነው፣ መሬቱን ሰው አከራይቼዋለሁ። ቀትር ላይ ሬዲዮ ከፍቼ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዋጋ አዳምጣለሁ። የምሸጠው አንድ ፍሬ የለኝም፤ የሰው ድምፅ ስለሆነ ነው። አንዳንዴ ሰውዬውን «ትናንት እኮ ከዚህ ይሻል ነበር» እለዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገርሁት እሱን ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ልመናዬን ስማኝ። ልጅቷን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ሲወስድ ስሙ ምን ይሆናል? አልኋት። «ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ብንፈልገውም አናገኘውም» አለችኝ። እና ውሰደው። ለእኔ አትላክልኝ፣ ከማገዶው ጋር ተስማምተናል። ለምን ዝም እንዳልህ አልጠይቅህም፣ ለእኔ መጻፍ ካቃተህም አትጻፍ። ለእነሱ ብቻ ጻፍ፤ አድራሻቸውን በጀርባው አስፍሬልሃለሁ። የማልኸው መሐላ እንዳለ አውቃለሁ። ቦስኮ ግን ከተበላ ስንት ዘመኑ፣ አይቀየምህም። ገንዘቡን ከፈለግህ ባሕር ውስጥ ጣለው፣ ብቻ በእጅህ ፈርመህ ውሰደው።

ሚስት ካለችህ ሚስትህን፣ ልጆች ካሉህ ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ ስማቸውን አለማወቄን አይቀየሙኝ። አብረውህ መርከብ ላይ የሚውሉትንም ሰላም በልልኝ። ኢርማ «ካለ ሰላም በዪው፣ የባሌን የመሳፈሪያ ብድርም አስታውሺው» ብላለች። ሽማግሌው ውሻችን በጅራቱ ሰላም ይልሃል፤ አያውቅህም፣ ግን ስምህን ጮክ ብዬ ሳነብ ጆሮውን ያቆማል።

በመጪው ነሐሴ ኮላቼን ይዤ ትርኢቱ ላይ እገኛለሁ፣ አሁንም ሁለተኛ ብወጣ ግድ የለኝም። ከዳኞቹ በፊት ወደዚያ ድንኳን ሄጄ ስምህን አስፈልጋለሁ። ያጣሁት ዕለት ወንድም እንዳለኝ አውቃለሁ።

እህትህ ሎርና ሳዲለክ
ከአባዬ ቤት፣ ነብራስካ
ጥቅምት 22 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.