የአፈሙዙ ቃጫ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

ከሚዛን ከተማ ተነሥቼ ጌጫ ገባሁ። ከርከሮ በቆሎውን እየጨረሰው ነው። የአባቴ ጠመንጃ እንደ ወትሮው አብሮ አደጌ እንድርያስ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ መሣሪያ…

እርሳስ አቅልጬ ሃያ አረር አወጣሁ። አንድ በአንድ መዘንኩ። አየር የገባባቸውን ዘጠኙን መልሼ አቀለጥኩ።

«ከርከሮው ኪሎውን ይጠይቅሃል እንዴ፣ መምህር?» አለ እንድርያስ።

ሚስቱ ሎሚ ሳቀች። «ተወው፣ እሱ የወጥ ጨውም ይመዝናል።»

እንድርያስ ክቡን አረር ይወዳል፤ በሞራ የታሸ ጨርቅ ጠቅልሎበት። እኔ ረጅሙን መረጥኩ። ከባድ ነው፤ ትከሻ ይሰብራል። ባሩዱን በቀንድ መስፈሪያዬ ሰፍሬ፣ አረሩን በዘንግ እስከ ታች ገፋሁት። እንድርያስ አፈሙዙ ላይ ቃጫ አሰረ። የአባቴ ልማድ ነው። ቃጫ ካለ ጎርሷል፤ ከሌለ ተተኩሷል።

እሑድ፣ ነሐሴ 5

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቃጫው ርሷል፤ ብረቱን ያዝገዋል። ኋላ ቀርነት! ፈትቼ ጣልኩት። በምትኩ ዘንጉ ላይ በቢላ ምልክት አደረግሁ፤ ጠመንጃው ጎርሶ ከሆነ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ይቀራል። ይሄ ነው ትክክለኛው ዘዴ። መኪናው ሊያመልጠኝ ሆነ… ለእንድርያስ እደውልለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ቀኑን ሙሉ ስብሰባ። ሰዓት የሚያከብር ሰው ጠፋ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ጠመንጃው ፈነዳ። ከርከሮ መጣ ሲባል እንድርያስ ቃጫ አጣበት። ተኩሼ ያራገፍኩት መስሎት ሌላ ባሩድ፣ ሌላ አረር ጨመረበት… የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ጠየቁኝ። «ባሩድ አብዝቶ ነው» አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

እንድርያስ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ለሴት ልጁ፣ ለትዝታ፣ መጽሐፍ ወስጄላት ነበር። ተቀበለችኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። አውቃለች ማለት ነው? ፈራሁ። ሳልናገር ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4

ነገርኩት።

በግራ እጁ በቆሎ ይፈለፍላል። «ቃጫውን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኩት። « ባሩድ አበዛ ብዬ ያስወራሁብህም እኔው ነኝ።»

እጁ ቆመ። «በቀንድህ ነው የሰፈርኩት። ቅንጣት አላበዛሁም።»

«አውቃለሁ።»

በቆሎውን አስቀመጠ። «እኔ ትዝታ ናት ብዬ… ቤቱን የምትጠርገው እሷ ናት። አልነካሁም ብላ ማለች። አንተማ ጥንቁቅ ሰው ነህ፣ አታደርገውም ብዬ እሷን አላመንኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገርኳትም፤ እስከ ዛሬ…»

ወደ ጓዳ ተጣራ። ትዝታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ለእሷ ንገራት» አለኝ። «ቁጭ ብለህ ግን አይደለም።»

ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ አውርቻለሁ፤ ዛሬ ተንተባተብኩ። እሷ እኔን አላየችኝም። አባቷን ነበር የምታየው።